ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሌሊት መከላከያውን መቼ ልጀምር?

ዛሬ ማታ አታድርገው። ትናንት ደብረ ማርቆስ የታችኛውን የመንጋጋ ጥርስህን አስነቅለህ፣ ሌሊት ጥርስ ስለምታፋጭ የታችኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን መከላከያ ፕላስቲክ ላድርግ ወይ ብለሃል። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም አጥንቱን ሸፍኖ ይዟል። ፕላስቲኩ ሲጫነው ወይም ሲወልቅ ስቦ ካነሳው አጥንቱ ይራቆታል፤ ሕመሙም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጀምሮ እስከ ጆሮ ይዘልቃል።

መቼ እንደምትጀምር የነቀለህን ሐኪም ደውለህ ጠይቅ። ሲፈቀድልህ መጀመሪያ ቀን ላይ መስታወት ፊት ሞክረው። ጠርዙ ቁስሉን ከነካ አውጣው፤ በግድ አትግፋው። የተሠራው ጥርሱ ሳይነቀል ስለሆነ ላይገጥም ይችላል፤ ለሐኪም ወስደህ እንዲያስተካክልልህ አድርግ። በፈላ ውኃ አትጠበው፣ ይጣመማል።

አንድ ነገር አደራ። በእኛ በጎጃም ጥርሱን ላመመው ሰው አረቄ ያዝበት ይባላል። የተነቀለ ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ አጎቴ ይህን አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አድሯል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙተህ ቀስ ብለህ ተጉመጥመጥ፤ በኃይል አትትፋ። ቆሎም ለጊዜው ይቆይ። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከባሰብህ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ተመለስ።