«ዕድሌ ስንት ነው?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ የጎንደር ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ካስተማርሁ በኋላ ጡረታ ብወጣም ከተማሪ ጋር መዋልን አልተውሁም። የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ወይም የማመልከቻ ጽሑፋቸውን እንድመለከትላቸው የሚመጡ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ዛሬም አሉ። አብዛኞቻችሁ ውጤታችሁንና ከክፍል የያዛችሁትን ደረጃ ትነግሩኝና «ታዲያ ሃርቫርድ የመግባት ዕድሌ ከመቶ ስንት ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው በአንድ ቁጥር የሚመለስ ይመስላል፤ አይመለስም። ለምን እንደማይመለስ በሚገባ ከተረዳችሁ ግን ጊዜያችሁንና የወላጆቻችሁን ገንዘብ የት ላይ ማዋል እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

አስቀድመን ቁጥሩን እንየው። በ2024 እ.ኤ.አ. ትምህርት ለጀመረው የሃርቫርድ አንደኛ ዓመት ክፍል ከ54 ሺህ በላይ ወጣቶች አመልክተው የተቀበላቸው 2 ሺህ አይሞሉም፤ ከመቶ አራት እንኳ አልደረሱም ማለት ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ከሚያመለክቱት መካከል የሚቀበለው ከመቶ ሁለት ገደማ ብቻ ነው። እናንተ ይህን ስትሰሙ ብዙም አትደነግጡም፤ የሚያስደነግጥ ቁጥር እዚሁ አገራችሁ ውስጥ አይታችኋልና። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። አንዳንዶቻችሁም «እዚህ ከመቶ ሦስቱ ውስጥ መሆን ከቻልሁ እዚያም አያቅተኝም» ብላችሁ ትደመድማላችሁ።

ሁለቱ ቁጥሮች ቢቀራረቡም የሚናገሩት ነገር አንድ አይደለም። በብሔራዊ ፈተናው የተሠመረ መሥመር አለ፤ መሥመሩን ያለፈ ሁሉ አልፏል፣ የጎረቤታችሁ ልጅ ስላለፈ እናንተ አትወድቁም። በእነዚያ ኮሌጆች ግን መሥመር የለም፤ ያለው የተቆጠረ ቦታ ነው። ከሚያመለክቱት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ትምህርቱን በሚገባ ሊወጡት የሚችሉ ናቸው፤ ኮሌጁም የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ ሲያበቃ ሥራውን አልጨረሰም፣ ከሚችሉት መካከል ጥቂቱን መምረጥ ይቀረዋል። ያ ጥቂት ቦታም በስፖርት ለተመለመሉት፣ በሙዚቃ ለሚፈለጉት፣ በአንዳንዶቹ ኮሌጆችም ወላጆቻቸው እዚያው ለተማሩት ጭምር የሚከፈል ነው። ስለዚህ ከመቶ 98 ማምጣታችሁ ማመልከቻችሁ በጥሞና እንዲነበብ ያበቃል እንጂ ቦታውን የእናንተ አያደርገውም፤ አለመመረጣችሁም አለመቻላችሁን አይመሰክርም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ እየተነገረው ላደገ ልጅ ይህን መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አስቀድማችሁ ካልተቀበላችሁት ግን በመጋቢት የሚደርሳችሁ መልስ ከሚገባው በላይ ይሰብራችኋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ለጎንደር ልጅ ከውጤቱ ይልቅ ዕድሉን የሚወስነው እርሱ ነውና። የአሜሪካ ስመ ጥር የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ወጪ ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ሲደመር ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህን የሚከፍል ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ስለሆነ፣ ስለ አንድ ኮሌጅ ስታጣሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ከውጭ የመጣ ችግረኛ ተማሪን እንዴት እንደሚያስተናግድ መሆን አለበት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህም ዳርትማውዝና ቦውዲን፣ የውጭ አገር አመልካች ርዳታ መጠየቁን ከግምት ሳያስገቡ ይወስናሉ፤ ከተቀበሉትም ቤተሰቡ የማይችለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ዊልያምስ፣ ስዋርትሞርና ፖሞናም የተቀበሉትን ተማሪ ችግር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ፤ ይሁን እንጂ የውጭ ተማሪን ለመቀበል ሲወስኑ ምን ያህል ርዳታ እንደሚያስፈልገው አብረው ያያሉ። በሌላ በኩል የካሊፎርኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የሆነውን በርክሊን ተመልከቱ፤ ከአመልካቾቹ ከመቶ አሥራ አንድ ገደማ ስለሚቀበል ከሃርቫርድ ይልቅ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ለውጭ ተማሪ በቤተሰብ አቅም ማነስ ላይ የተመሠረተ ርዳታ አይሰጥም። ቢቀበላችሁም ገንዘቡ መኖሩን ካላሳያችሁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለውን ቅጽ አታገኙም። ስለዚህ አሥራ አንዱ ከአራቱ ቢበልጥም የመምህር ወይም የገበሬ ልጅ ለሆነ አመልካች አሥራ አንዱ ዜሮ ነው።

በዚሁ ነገር ላይ አንድ አጥብቄ የምነግራችሁ አለ። የቤተሰብ ገቢ የሚጠየቅበትን ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን ቅጽ ስትሞሉ በይሉኝታ ገቢያችሁን አታግንኑ፤ «ትንሽ ከጠየቅን ይቀበሉናል» የሚል ምክር ሰምታችሁም ወላጆቻችሁ የማይከፍሉትን ገንዘብ እንከፍላለን ብላችሁ አትጻፉ። ሲያመለክት ርዳታ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ የማይፈቅዱ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። አባታችሁ ደመወዝተኛ ከሆኑ ከመሥሪያ ቤታቸው፣ ነጋዴ ከሆኑ ከግብር ወረቀታቸው፣ ገበሬ ከሆኑ ደግሞ ከቀበሌ የሚሰጠውን ማረጋገጫ ይዛችሁ፣ ያለውን እንዳለ ጻፉ። ለማመልከቻ የሚጠየቀውን ክፍያም፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 90 ዶላር የሚሆነውን፣ አቅም ለሌለው ተማሪ የሚያነሡለት ኮሌጆች ስላሉ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያስነውርም። መግባታችሁን አረጋግጣለሁ ብሎ ከወላጆቻችሁ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ ግን የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው፤ ራቁት።

ስለ ፈተናዎች ብዙ አልልም። ኤስኤቲ የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለጥቂት ዓመታት ትተውት የነበሩት ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድና ዳርትማውዝ መልሰው አስገዳጅ አድርገውታል፤ ሌሎች አሁንም አይጠይቁትም። በአቅራቢያችሁ የፈተና ጣቢያ ከሌለ የአዲስ አበባን ጉዞና ማደሪያ ወጪ ከወዲሁ ቁጠሩ።

ዝርዝራችሁን ስታዘጋጁ ስም ብቻ አትከተሉ። የኛ የአብነት ተማሪ ድጓ ሊማር ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ዙር አምባ፣ አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር በአታ የሚሄደው የሚፈልገው ትምህርት የሚሰጠው እዚያ መሆኑን አጣርቶ ነው። እናንተም ምን መማር እንደምትፈልጉና ማን እንደሚያስተምረው ጠይቁ። አምኸርስትና ዊልያምስ እያንዳንዳቸው 2 ሺህ ገደማ ተማሪ ብቻ ያላቸው ኮሌጆች ናቸው፤ በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ሆኖ ለተማረ ልጅ መምህሩ በስሙ የሚያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ከታላቅ ስም የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

ማመልከቻችሁን የሚያነበው ሰው የሚመዝነው ባላችሁበት ቦታ፣ ባላችሁ ነገር ምን እንደሠራችሁ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ስለሌለው አትቀጡም፤ መኖር አለመኖሩን ግን ሰውየው ከዚያ ማዶ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርታችሁ ተቋርጦ ወይም ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ከነበረ፣ ርእሰ መምህራችሁ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበር ተለይቶ ይገለጽ። በምሬት ወይም በልመና ቃል መሆን የለበትም፤ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ይበቃል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የራሳችሁ ጽሑፍ ነው። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ ለማመልከት የሚያስችለው ኮመን አፕ ከ650 ቃላት ያልበለጠ ጽሑፍ ይጠይቃል። ከአዘዞ የመጣች አንዲት ተማሪ ያሳየችኝ ረቂቅ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሐኪም ሆኜ ሕዝቤን የማገልገል ራእይ ነበረኝ» ብሎ ይጀምር ነበር። ምኞቷ እውነተኛ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በስንቱ ልጅ ረቂቅ ላይ አንብቤዋለሁ። ስንጨዋወት ቤተሰቦቿ ወፍጮ ቤት እንዳላቸው፣ መብራት ሲጠፋ ከገጠር እህል ጭነው የመጡ ሰዎች ሳያስፈጩ ስለሚመለሱ አዝና መብራቱ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት መመዝገብ እንደጀመረች ነገረችኝ። ደብተሩን አምጪው አልኋት። ዱቄት የጠገበ ባለ ካሬ ደብተር ነበር፤ በግራ ቀኑ፣ በመካከል ሰዓቱ፣ በቀኝ በዚያ ቀን የተፈጨው ኩንታል ተጽፎበታል። ከጥቂት ወራት በኋላም በሳምንቱ ውስጥ መብራት ይገኝባቸዋል የምትላቸውን ሰዓታት ገምታ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ትለጥፍ ጀመር፤ ግምቷ የሳተባቸውን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ ከብባ ምክንያት ነው የምትለውን በጎኑ ጽፋለች።

ይህን ሁሉ በማመልከቻዋ ውስጥ አንድም ቃል አላነሣችውም ነበር። ለምን ብላት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤተሰብ ማገዝ ነው» አለችኝ። አንድ ተማሪ እንዴት እንደሚያስብ፣ ስሕተቱን እንዴት እንደሚያርም፣ ለሰው ምን ያህል እንደሚገደው ከዚያ ደብተር የተሻለ የሚናገር ምን ማስረጃ አለ? ረቂቁን ትታ ስለ ደብተሩ ጻፈች። ያመለከተችባቸው ታላላቆቹ ሁሉ አልተቀበሏትም፤ ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት አንድ ትንሽ ኮሌጅ ግን ሙሉ ወጪዋን ሸፍኖ ወሰዳት። እናንተም ከብቱን፣ ሱቁን፣ ታናናሾቻችሁን ማስጠናቱን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አገልግሎት እንደ ሥራ ቁጠሩት። ጽሑፉን ለሌላ ሰው ወይም ለቻትጂፒቲ ሰጥታችሁ አታስጽፉ፤ የሚወጣው ጽሑፍ ለስላሳ ይሆናል፣ እናንተ ግን በውስጡ አትገኙም።

ስለ ወረቀቱም ተጠንቀቁ። ስማችሁ በልደት የምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ፀጋዬ የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት በቲ፣ በሌላው በቲኤስ ተጀምሮ ሲገኝ ለማስተካከል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መመላለስ የግድ ይሆናል። የልደት ቀናችሁም ወደ እነርሱ አቆጣጠር ሲለወጥ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። ቀድሞ ለሚያመለክት የሚሰጠው የመጨረሻ ቀን ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22 ገደማ፣ የመደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ላይ ይውላል፤ ይህም የገና ዋዜማ ሳምንት ስለሆነ ማኅተም የሚመታላችሁን ሰው በወንበሩ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። የትምህርት ማስረጃችሁን በመስከረም አስወጡ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራንም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለምኗቸው። ከጥቅምቱ ማመልከቻዎች አንዳንዶቹ ኮሌጁ ከተቀበላችሁ በኋላ ለመሄድ የሚያስገድድ ውል ያለባቸው ስለሆኑ ከወላጆቻችሁ ጋር ሳትመክሩ አትፈርሙ።

እዚሁ አገር የሚገኘውንም ዕድል እንደ ተረፈ ነገር አትዩት። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ ያስተምር ነበር፤ በዚያ መንገድ የሠለጠኑት ሰዎች የአገሪቱን የገጠር ጤና አገልግሎት አቋቁመዋል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት የሰጠ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ መቆየቱን የማያውቁ ልጆች በከተማችን አጋጥመውኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ለእርሱም ተዘጋጁ።

የኮሌጆቹ መልስ ተጠቃሎ የሚደርሰው በመጋቢት መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ብሔራዊ ፈተናው የሚቀራችሁ ሦስት ወር ያህል ነው። ያልተቀበሏችሁ ልጆች ጥቂት ቀን እዘኑ፤ ለደከማችሁበት ነገር ማዘን ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ ወደ ጥናታችሁ ተመለሱ። የተቀበሏችሁም ብሔራዊ ፈተናውን እንዳትተዉ እለምናችኋለሁ፤ ቪዛ ሊከለከል ይችላል፣ ኮሌጁም ቢሆን የመጨረሻውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃችሁን ሳያይ መዝገባችሁን አይዘጋም።