ትልቅ መደብር ሲመጣ የትንሽ ከተማ ሱቅ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና ከተማ ላለፉት 11 ዓመታት ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ደብተር እየቸረቸርኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ በዱቤ ይወስዳሉ፤ ደመወዝ ሲወጣ ሒሳባችንን ተሳስበን ስማቸውን ከዱቤ መዝገቡ ላይ እሰርዛለሁ። የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች መከፈቱን ከሰማሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሌላ አገር ትልልቅ መደብሮች ሲገቡ እንደ እኔ ያለው ነጋዴ ምን ሆነ? እኔስ ከወዲሁ ምን ላድርግ?
ባለሱቅ፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ መሠረት አለው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል።

ጥያቄዎ በሰፊው የተጠናው በአሜሪካ ነው። ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የችርቻሮ ኩባንያ መሥራች ሳም ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን መደብር የከፈተው ሮጀርስ በምትባል የአርካንሳስ ትንሽ ከተማ ነበር። ኩባንያው ዕቃ ከአምራቾች በገፍ እየገዛ በራሱ ማከፋፈያ መጋዘን ያከማቻል፤ ሱቆቹንም በመጋዘኑ ዙሪያ ስለሚተክል፣ አንድ ብቸኛ ባለሱቅ ከጅምላ ነጋዴ ከሚረከብበት ዋጋ በታች እንኳ ሊሸጥ ይችላል። ሸማቹ በዚህ መጠቀሙን አንክድም። ሆኖም የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ኬኔት ስቶን የአዮዋን ከተሞች ለዓመታት አጥንተው እንዳሳዩት፣ ያንኑ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ገበያቸው ሲቀንስ፣ መደብሩ የማይዘውን ዕቃ የሚሸጡትና ምግብ ቤቶች ግን ወደ መደብሩ ከሚጎርፈው ሰው ተጠቅመዋል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ መደብሩ ያልተከፈተባቸው አጎራባች ትንንሽ ከተሞችም ገበያተኛቸውን አጥተዋል። ስለዚህ መደብሩ ደብረ ሲና ባይደርስ እንኳ ደብረ ብርሃን ቢከፈት፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ የወሩን አስቤዛ በአንድ ጊዜ ሸምቶ የሚመለስ ደንበኛ መኖሩ አይቀርም።

በሰሜን ካሮላይና ኦሪየንታል የምትባል፣ ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ የማይሞሉ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ዋልማርት ኤክስፕረስ የተባለው አነስተኛ መደብር በዚያ ተከፈተ። ከ40 ዓመት በላይ ከተማዋን ያገለገለው የአንድ ቤተሰብ ግሮሰሪ ፉክክሩን መቋቋም አቅቶት በ2015 መገባደጃ ተዘጋ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በጥር 2016፣ ኩባንያው በአሜሪካ 154 መደብሮቹን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የኦሪየንታሉም አብሮ ተዘጋ። ከተማዋ አዲሱንም አሮጌውንም ግሮሰሪ አጣች። ውሳኔው የተወሰነው የኦሪየንታልን ሰው በማያውቁ ሰዎች፣ በሩቅ ቢሮ ውስጥ ነው፤ እኛን ከዋጋው ፉክክር ይልቅ የሚያስጨንቀን ይህ ነው።

ወደ እርስዎ ሱቅ ስንመለስ፣ በስኳርና በዘይት ዋጋ ብቻዎን እንዲፎካከሩ አንመክርም። የከተማዎ ባለሱቆች ተሰባስባችሁ በማኅበር ከአስመጪ ወይም ከፋብሪካ በቀጥታ ብትገዙ፣ በመካከል ያለው አከፋፋይ የሚወስደው ትርፍ ለእናንተ ይተርፋል። ዱቤዎንም እንደ ሸክም አይዩት፤ የደንበኛውን ደመወዝ ቀንና የቤቱን ችግር አውቆ የሚያበድር ትልቅ መደብር አይኖርምና፣ እርስዎን ከሌላው የሚለየው እርሱ ነው። የዘንድሮውን የዱቤ መዝገብ ገልጠው እያንዳንዱ ደንበኛ ምን እንደሚወስድ በየዕቃው ለይተው ይጻፉ፤ ከሌላ ሱቅ ያጣውን ዕቃ ፈልጎ የሚመጣውንም ለብቻ ይመዝግቡ። ገንዘብዎን በቅድሚያ የሚያውሉት በዚህ በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ባሉት ዕቃዎች ይሁን።