ኮዋላ የማይበላው ባህር ዛፍ፦ ጥያቄና መልስ

የእንስሳት ሥነ ምግብ አስተምራለሁ። እንደ ኮዋላና ፖሰም ልጆቻቸውን በኪስ ስለሚያሳድጉት የአውስትራሊያ ቅጠል በል እንስሳት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደየአመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባህር ዛፍን በእኛ አገር ከብቱም ፍየሉም አይነካውም። ኮዋላ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ፍየሏ ልክ ናት። ቅጠሉ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ቃጫው ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ ዘይት፣ ታኒንና ሌሎች መርዛማ ውህዶች አሉበት። ኮዋላን ያዳነው ጉበቱ ነው። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የኮዋላ የዘር ቅንብር ጥናት፣ መርዝ ከሚያፈርሱት የጉበት ኢንዛይሞች መካከል የአንዱ ቤተሰብ ዘረ መሎች ተባዝተው 31 እንደደረሱ አሳይቷል። እነዚህ ኢንዛይሞች ዘይቱን በሽንት ሊወጣ ወደሚችል ነገር ይለውጡታል። ሥራው ግን የፍጥነት ገደብ አለው፤ ጉበት ማጽዳት ከሚችለው በላይ መጉረስ አይቻልም። ጉበቱ ለእንስሳት ሐኪሞችም ራስ ምታት ነው፤ የሚሰጡትን መድኃኒት ሳይሠራ ጠራርጎ ያስወጣባቸዋል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው እንስሳቱን የሚያባርራቸው ያ ለጉንፋን የምንታጠንበት ሽታ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሽታው በአብዛኛው ሲኒዮል ከሚባል ዘይት ይመጣል። ይሁን እንጂ ሲኒዮልን ለብቻው ከምግብ ጋር ቀላቅለው ሲሰጧቸው፣ ፖሰም የሚባሉት እንስሳት ቀስ በቀስ ይለምዱታል፤ ብዙም ይበላሉ። ዋናው ከልካይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎቹ ዊሊያም ፎሊ፣ አይቫን ላውለርና ባልደረቦቻቸው የደረሱበት የፍሎሮግሉሲኖል ውህዶች ቤተሰብ ነው፤ ጄንሰኖን፣ ሲደሮክሲሎናልና ማክሮካርፓል ከአባላቱ መካከል ናቸው። ከእነዚህ ጥቂት ጣል ሲደረግ እንስሳው መብላቱን ያቆማል።

ለምን ያቆማል? የምወደው ሙከራ እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ለፖሰሞቹ ኦንዳንሴትሮን ሰጧቸው፤ ለካንሰር ሕሙማን ማስመለስን ለማስቆም የሚታዘዘው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ጄንሰኖን ያለበትን ምግብ ከቀድሞው አብልጠው በሉ። ስለዚህ ትልቁ ምክንያት የምላስ ምሬት ሳይሆን ማቅለሽለሽ ነው።

የሲኒዮል ድርሻስ? በብዙ ዛፎች ላይ ሲኒዮል ሲበዛ እነዚያም ውህዶች ይበዛሉ። እንስሳው ሽታውን ከሕመሙ ጋር አያይዞ ያስታውሳል። አንድ ጊዜ ጠጅ ክፉኛ ያሳመመው ሰው ሽታው ገና ከበር ሲደርሰው ፊቱን እንደሚያዞር ማለት ነው። ሲኒዮልን ያለ ሌላኛው ውህድ ደጋግመው ሲያበሏቸው ግን ሽታውን መጥላታቸው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የትኛውን የባህር ዛፍ ዝርያ ይወዳሉ?

መልስ፦ ዝርያ ብቻውን አይመልስልዎትም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የአንድ ዝርያ ዛፎች፣ አንዱ ማዕድ ሌላው መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ዮቫል አካባቢ አንድ ዛፍ ነበር፤ ጢንዚዛዎች ቅጠሉን ሁሉ ግጠው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ቢመረመር የዚያ ቅርንጫፍ ቅጠል ኬሚስትሪው ከተቀረው ዛፍ የተለየ ነው። (ጢንዚዛ ባለኪስ እንስሳ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ታሪኩን መተው ግን አልቻልኩም።)

ወደ ኮዋላው ስንመለስ፣ ቤን ሙርና ፎሊ በቪክቶሪያ ፊሊፕ ደሴት ላይ ዛፎቹን አንድ በአንድ መርምረው በ2005 ባወጡት ሥራ፣ ኮዋላዎች ደጋግመው የሚወጡት ትልልቅ ሆነው እነዚያ ውህዶች ባነሱባቸው ዛፎች ላይ ነው። ለእኛ ዓይን አንድ ወጥ የሆነው ደን ለእነሱ እዚህም እዚያም የተበተነ ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ እንስሳትስ እንደ ኮዋላ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ብሩሽ ጅራት ፖሰም ባህር ዛፍን ከሌላ ዕፅ ጋር እያቀላቀለ ይበላል። ቀለበት ጅራት ፖሰም ደግሞ ከዕውር አንጀቱ የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ መልሶ በመብላት ካመለጠው ፕሮቲን ይጠቀማል። ባህር ዛፍ ራሱም ሁለት ትልልቅ ወገን አለው፤ የፍሎሮግሉሲኖል ውህዶቹ ያሉት በአንደኛው ነው። ሁለተኛው ወገን ሌላ ዓይነት መከላከያ ይዟል፤ እሱ ብሩሽ ጅራቱን ሲያስቸግር ቀለበት ጅራቱ ይቋቋመዋል።

ጥያቄ፦ ታኒን ያሉት ሻይ ውስጥ ያለው ነው? ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ዘመዱ ነው። ፕሮቲንን ጠፍሮ ይይዝና እንዳይፈጭ ያደርጋል። ስለዚህ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን መለካት ብቻውን ያታልላል፤ የሚቆጠረው ከታኒን ተርፎ ለእንስሳው የሚደርሰው ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ ብሩሽ ጅራት ፖሰሞች ላይ በተደረገና በ2009 በታተመ ጥናት፣ ይህ የሚደርሰው ናይትሮጂን በሚበዛበት ቦታ የሚኖሩ እናቶች በመውለድም በማሳደግም የተሻሉ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ኮዋላ ቅጠሉ አስክሮት ነው ቀኑን ሙሉ የሚተኛው?

መልስ፦ ተረት ነው። ቅጠሉ ብዙ ጉልበት ስለማይሰጥ ያለውን ይቆጥባል።

ጥያቄ፦ የሚወዱት ዛፍ ካለቀ ወደ ሌላው ለምን አይሻገሩም?

መልስ፦ ቪክቶሪያ ውስጥ ባለው ኬፕ ኦትዌይ ላይ ይህ በዓይን ታየ። በ2013 ገደማ ኮዋላዎቹ በዝተው ማና የተባለውን ባህር ዛፍ ጨረሱት፤ ሜስሜት የተባለ ሌላ ባህር ዛፍ በአቅራቢያቸው እያለ ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ። አንዱ ምክንያት ሆድ ውስጥ ነው። ቃጫውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት በለመዱት ቅጠል የተቃኙ ናቸው፤ ግልገሉም የሚያገኛቸው እናቱ ከምታወጣው ለየት ያለ ለስላሳ ኩስ ነው። በ2019 በታተመ ሥራ፣ የማና በላተኞችን ይዘው የሜስሜት በላተኞችን ኩስ በእንክብል አስዋጧቸው። የሆዳቸው ረቂቅ ሕዋሳት ይበልጥ የተለወጡባቸው ኮዋላዎች ሜስሜቱን ይበልጥ በሉ። ለበሽታ አንቲባዮቲክ የሚሰጣቸው ኮዋላዎች አንዳንዴ መብላት የሚያቅታቸውም እነዚሁ ሕዋሳት ስለሚጎዱ ነው።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ላይ ኮዋላ ማርባት ይቻላል? ባህር ዛፉ ሞልቷል!

መልስ፦ የሳቅ ጥያቄ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። ነጭ ባህር ዛፍም ቀይ ባህር ዛፍም በትውልድ አገራቸው ኮዋላ ይበላቸዋል። ከእንጦጦው ውስጥ ስንቱን ዛፍ እንደሚቀበል ግን የሚነግረን ኮዋላው ራሱ ነው። አሜሪካ ያለው የሳን ዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ ለኮዋላዎቹ ብሎ የራሱን ባህር ዛፍ ያለማል፤ አንድ ዝርያ ብቻም አይደለም። እንስሳው የቀረበለትን ቅርንጫፍ አሽትቶ ሊተወው ስለሚችል ሌላ አማራጭ ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል።