የባንክ ቅጥር ፈተና የተጠራችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ ባንክ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። የጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እዚሁ ሁላችሁም ፊት እንጨርሰው። የፈተና ወረቀት ግን የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጥም።

ጥያቄ፦ የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ፈተናው ከተማርነው ይወጣል?

እህቴ፣ ለጀማሪ መደብ ከሆነ ብዙው ከዚያ አይወጣም። የእንግሊዝኛ ምንባብና ቃላት፣ ሒሳብ፣ የቁጥርና የምስል ቅደም ተከተል፣ ትንሽ ሎጂክ፣ በቃ። የማኔጅመንት ምሩቅ የአካውንቲንጉን በልጦ ሲያልፍ የምታዩት ለዚህ ነው። ልምድ በሚጠይቅ መደብ ላይ ግን የሙያ ጥያቄ ስለሚበዛ ደብተርሽን አውጪ።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል። ከየት ልጀምር?

ከ8ኛና ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ። አትሳቅ፣ የምሬን ነው። ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ ወለድ፣ ፍጥነትና ርቀት። የድሮ ጂማትና ጂአርኢ (የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚጠይቋቸው ፈተናዎች) መለማመጃም ይጠቅማል፣ ግን መሠረቱ ሳይኖር እሱን ከፍቶ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ሰው የሚወድቅባቸውን ላሳይህ። አንድ ሠራተኛ ሥራውን ለብቻው በ6 ሰዓት ይጨርሳል፣ ሌላዋ በ3 ሰዓት። አብረው ቢሠሩስ? ብዙ ተፈታኝ አማካዩን ወስዶ 4 ሰዓት ተኩል ይላል። እስቲ አስበው፣ ብቻዋን በ3 ሰዓት የምትጨርስ ሴት አጋዥ ስታገኝ እንዴት ይብስባታል? በአንድ ሰዓት እሱ አንድ ስድስተኛውን፣ እሷ አንድ ሦስተኛውን ይሠራሉ፤ ድምሩ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ በ2 ሰዓት ያልቃል። ሌላ ደግሞ፦ 1,000 ብር የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። መልሱ 1,000 አይደለም። 1,200 ገብቶ ነው የሚቀነሰው፣ ስለዚህ 960 ነው። ስህተት የሆነው መልስም ሆን ተብሎ ምርጫ ውስጥ ይገባል፤ የአዘጋጆቹ ተንኮል እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም እችለዋለሁ፣ ግን ሰዓት አይበቃኝም።

እንዳይበቃ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። ቤትህ ዘና ብለህ የሠራኸው ልምምድ ምንም አይነግርህም፤ ስልክህ ላይ ሰዓት ሞልተህ ያለ ካልኩሌተር ተለማመድ። ፈተናው ላይ አንዱ ጥያቄ ከያዘህ ምልክት አድርገህ እለፈው፣ እልህ አትጋባ። ምንባቡን ከማንበብህ በፊት ጥያቄዎቹን እያቸው። ባዶ ልተው ወይስ ልገምት የሚለውን መመሪያው ይወስነዋል፤ ለስህተት ነጥብ የማይቀንስ ከሆነ አንድም ባዶ አትተው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «የዘንድሮው ፈተና» እየተሸጠ ነው። ልግዛ?

አትግዛ። የሚሸጡልህ የድሮውን ነው፣ እሱን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት በትንሽ ብር ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተና ያለፍኩት በ52 ነው። ይጎዳኛል?

ከ2015 ጀምሮ የማለፊያው ነጥብ 50 ነው፣ አልፈሻል። ማስታወቂያው ውጤቱን ለይቶ ካልጠየቀ በ52 አትጨነቂ። ይልቅ ብዙ ሰው ገና ለፈተና ሳይጠራ የሚወጣው ጂፒኤ ላይ ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ የሚጠይቀው ከፍ ያለ ነው፣ እኔ በበኩሌ አልስማማበትም፣ ግን የምወስነው እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ካለፍኩ በኋላስ ምን ይቀራል?

ቃለ መጠይቅ፣ የጣት አሻራ፣ የጤና ምርመራ፣ ተያዥ። ተያዥ ከአሁኑ ፈልጉ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሰው የሚሯሯጠው በእሱ ነው። ኤችአይቪን በሚመለከት በውስጥ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በበቂ ምክንያት የጤና ምርመራ ሲጠየቅ እምቢ ማለት አይችልም፣ የኤችአይቪ ምርመራን ግን አዋጁ ከዚህ ግዴታ ለይቶ አውጥቶታል።

ከዚያ የሙከራ ጊዜ አለ። በዚሁ አዋጅ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። የሥራ ቀን ነው የተባለው፣ እሑድ አይቆጠርም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ፤ አንተም ካልተመቸህ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት «ብቻዬን መሥራት እወዳለሁ» ዓይነት ጥያቄ ላከልኝ። ትክክለኛው መልስ የቱ ነው?

የባህርይ መጠይቅ ነው፣ እኛ ጋ ብዙም የለም። አንዱን ነገር ቃሉን ቀይረው ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ መልአክ ለመምሰል ከሞከርሽ መልሶችሽ እርስ በርስ ይጋጫሉ። እንደሆንሽው መልሺ።

ጥያቄ፦ ነገ ነው ፈተናዬ። ምን ልያዝ?

ዋናውን መታወቂያህን፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ እስክሪብቶ። ስልክህን ቤት ተወው። የተላከልህን መልእክት ደግሞ እንደገና አንብበው፤ በእንግሊዝኛ 8:30 ከሆነ የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በየዙሩ ከሰዓት በኋላ ላቡን እየጠረገ በር ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም፣ ጥበቃዎቹ ደግሞ አያስገቡም።