ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት፦ የፍሪሲዮን ጥያቄና መልስ

ስለ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ስለሚያገናኘውና ስለሚለየው ክፍል፣ የቸገራችሁን ጠይቁኝ። ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ግን አብራችሁ ጻፉ፤ ግማሹ መልስ እሱ ውስጥ ነው።

ኮሮላዬ የእንጦጦን ዳገት እምቢ አለች። መካኒኩ «ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ልስማማ?

ቆይ ወንድሜ። ነዳጅ ስትሰጣት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ጩኸቱም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ ግን የደከመው ሞተሩ ነው። እንጦጦ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደህና ሞተርም ጉልበት ይቀንሳል። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ከፊትህ ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን አጥብቀህ ሳብ። አራተኛ ማርሽ አስገባና ትንሽ ነዳጅ እየሰጠህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ይይዛል። ሳይጠፋ ከቀጠለ እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ይበቃል፤ ብትደጋግመው የቀረውን ሸራ ታቃጥለዋለህ። የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነም ስለሚንሸራተት፣ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የፔዳሉ ልቅታ (ፍሪሲዮኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ያለው ባዶ ጉዞ) ይታይልህ።

ጠዋት ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ የኋላ ማርሽም እየጮኸ ነው የሚገባው። ደጋግሜ ስረግጠው ይስተካከላል።

እህቴ፣ ይሄ የሸራ ችግር አይመስልም። የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሏል ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ከፔዳሉ በላይ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ የገባበትን ግድግዳ በጣትሽ ዳብሺው፤ ከረጠበ የላይኛው ፖምፓ ያፈሳል። ካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፖምፓም ላስቲኩን ገለጥ አድርገው ይዩልሽ። የሚጨመረው ክዳኑ ላይ የተጻፈው የፍሬን ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት የፖምፓዎቹን ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) አሳብጦ ያበላሻል። በብዙ መኪኖች ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ከአንድ ዕቃ ስለሚጠጡ፣ እባክሽ ነገ ዛሬ አትበይ።

ስረግጥ ይጮኻል።

የፍሪሲዮን ኩሽኔታ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ቤሪንግ) ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ እግርህን ስታነሳ ጮኾ ስትረግጥ ዝም የሚል ከሆነ ግን የካምቢዮ ኩሽኔታ ነው።

ሸራ በቅርቡ ቀይሬ ስነሳ ትንቀጠቀጣለች።

ቮላኖው (ሸራው የሚጣበቅበት የሞተሩ ከባድ መንኮራኩር) ታይቶ ነበር? ተቃጥሎ ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ አዲስ ሸራም አይቀመጥበትም። የሞተሩ የኋላ ፓራዮሊ (የዘይት ማሸጊያ ጎማ) አፍስሶ ሸራውን ዘይት ነክቶትም ሊሆን ይችላል። የሞተር መያዣ ጎማዎቹን ግን ቅድሚያ አሳያቸው፤ ካምቢዮ ሳይወርድ ይታያሉና። ለወደፊቱ ደግሞ ሸራ ብቻ ቀይሮ ኩሽኔታውን አሮጌ መተው አልስማማበትም። ዋናው ድካም ማውረዱ ነው።

የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል።

ዳገት ላይ ወረፋ ስትጠብቅ መኪናውን በፍሪሲዮን አትያዘው፣ የእጅ ፍሬን ሳብ። በጉዞ ላይም እግርህ ፔዳሉ ላይ አይረፍ፤ በትንሹም ቢሆን ከተጫንከው ሸራው ሙሉ በሙሉ አይያዝም።