አማካዩ 30 ደቂቃ፣ 30 ደቂቃ የሚሄድ ልጅ ግን የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ አማካይ አውጡ ስላቸው ይደምራሉ ያካፍላሉ፣ መልሱም ልክ ነው፣ ምን ማለት ነው ስላቸው ግን ዝም። ኮምፒዩተር የለን፣ ክፍሉ ደግሞ ከ60 በላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ኮምፒዩተሩስ ይቅር፣ ችግሩ ቁጥሮቹ የማንም አለመሆናቸው ነው። 4፣ 7፣ 9 ተብሎ ይሰጣቸዋል፣ ምኑ እንደተቆጠረ ማን ያውቃል። እኔ ሳስተምር አንድ ጠዋት "ከቤት እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ" ብዬ ፊት የተቀመጡትን 4 ልጆች ጠየቅኩ፣ 10፣ 15፣ 15፣ 20 አሉኝ፣ ይሄኔ አንዷ አርፍዳ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ በር ላይ ደረሰች፣ አንችስ ስላት 90 አለች። አማካዩን አወጡ፣ 30። "እሺ 30 ደቂቃ የሄደ እጁን ያውጣ" ስል ማንም የለም፣ ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ከዛ ደርድረው መሃል ያለውን አዩ፣ 15፣ እሱ ይሻላል አሉ። አንዱ ከኋላ "ቲቸር እሱማ እሷን ረሳት" አለኝ፣ በውነት ከዚህ በላይ የማስተምረው አልነበረኝም። ሚን (አማካዩ)፣ ሚዲያን (ተደርድሮ መሃል ያለው) የሚለውን ስም ከዛ በኋላ ንገሪያቸው፣ ቀድመሽ አታስሸምድጃቸው።

ሚዲያንን ደግሞ አትናቂው፣ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1906 እ.ኤ.አ. ፕሊመዝ ላይ ሰዎች አንድ በሬ ታርዶ ሥጋው ስንት ፓውንድ እንደሚመዝን የገመቱበትን 787 ወረቀት ሰብስቦ መሃለኛውን ቢያይ 1207፣ ትክክለኛው 1198! የኛ ልጆች በሬ ያውቃሉ፣ ይሄን ይወዱታል።

ናሙናንም ገበያ ወርደው ያውቁታል። ጤፍ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም፣ እጁን እስከ ክርኑ ይከታል፣ ለምን በያቸው፣ ራሳቸው ይነግሩሻል። እኔም ቀድመው ደርሰው ፊት የተቀመጡትን ብቻ መጠየቄ ከጆንያው አፍ መዝገን ነበር፣ ልጅቷ ያን ሰዓት ባትገባ 90 የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅ።

60 ልጅ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ የሁሉንም ስም ኮፍያ ውስጥ ከተሽ በየረድፉ 5 5 እጣ ያውጡ፣ የየረድፉን ሚዲያን ሰሌዳ ላይ ስትጽፊው አንድ ዓይነት አይመጣም፣ ለምን ብለው እስኪጠይቁ ጠብቂ። ስንት በሬ አላችሁ፣ ስንት ጥማድ መሬት አላችሁ የሚል ግን እንዳትጠይቂ፣ የሌለው ይሸማቀቃል፣ ያለውም ይዋሻል።