ሆራ ልንወስዳቸው ነው፤ ማን ይጠብቃቸዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ጓደኞቼ በክረምት በጎ ፈቃድ የሰፈራችንን ልጆች እናስጠናለን። ትምህርት ሳይከፈት 40 የሚሆኑትን ይዘን ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ ልንሄድ ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 15 ነው፤ እኛ ስድስት ነን። አንዲት እናት «ውሃው ዳር ማን ነው የሚጠብቃቸው?» ስትል አንዱ ጓደኛችን ተቀየማት፤ «በነጻ እያገለገልን እንዴት አንታመንም?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ከፍቶኛል። ደንብ ማብዛት ፍቅሩን አያጠፋውም ወይ? (አስተባባሪው፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትየዋ አልሰደበቻችሁም። መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቀችው፤ ዛሬውኑ ደውልላትና ከቻለች አብራችሁ እንድትሄድ ለምናት። «ሁላችንም እንጠብቃቸዋለን» የሚለው መልስ አይበቃትም። አንዱ ዳቦ ይቆርሳል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል፣ ሦስተኛው ከሹፌሩ ጋር ስለ መመለሻ ሰዓት ይነጋገራል፤ ውሃውን የሚያይ ግን የለም።

ሆራ እንደ ባቦጋያ ሁሉ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ሐይቅ ነው። ዳር ላይ ጉልበት የሚደርሰው ውሃ ትንሽ ራቅ ሲሉ በድንገት ሊጠልቅ ይችላል። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ አፉ ከውሃው ብቅ የምትልባትን ቅጽበት አየር ለመሳብ ነው የሚጠቀምባት። ስለዚህ «ከጮኹ እሰማለሁ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያወራ ጠባቂ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

እኔን ከጠየቅከኝ በዚህ ጉዞ ማንም ውሃ ባይገባ ይሻላል። ዳር ላይ ለመጫወትም ቢሆን ሁለት ተረኞች በስም ይመደቡ፣ ስልካቸውን ኪስ ይክተቱ፣ ሌላ ሥራ አይኑራቸው፣ በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በረጅም ገመድ አስራችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። አንድ ልጅ ቢገባ እሱን ወርውሩለት፤ ዋና የማይችል ሰው ዘሎ ከገባ ሁለቱም ሊሰምጡ ይችላሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በሁላችሁም ስልክ ላይ ይኑር። ልጆቹን ለስድስታችሁ ተከፋፈሏቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ልጆች በስም እየጠራ፣ ሲወጡም ሲሳፈሩም ይቁጠር።

ወላጆችን ስለ ጤና ስትጠይቁ ደግሞ ሰው መሀል አይሁን። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ብዙ ቤተሰብ ይደብቃል፣ ሐሜቱን ፈርቶ። ለየብቻ ጠይቋቸው፣ ምስጢራቸውንም ጠብቁ፤ ያንን ልጅ ውሃ አጠገብ ሲሆን ዓይኑን የማይነቅልበት አንድ ሰው ያስፈልገዋልና። አስም ያለበትም የሚስበውን መድኃኒት ራሱ ይያዝ፣ ጭነት ሥር አይቀበር።

አሁን ወደ ተቀየመው ጓደኛህ ልምጣ። ልጅን የሚጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰብም የሚያምነው ሰው ነው። ስለዚህ ማንኛችሁም ሰው በማያይበት ቦታ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን አትሁኑ፤ ሽንት ቤት ስትወስዱም፣ ማታ ቤት ስታደርሱም። ማታ ማታ በቴሌግራም ከልጅ ጋር ለብቻ መጻጻፍም ይቅር፤ መልእክት ካለ ወላጆች ባሉበት ግሩፕ ይላክ። ደንቡ ለስድስታችሁም እኩል ከሆነ ማንም የሚቀየምበት ምክንያት የለም፣ ንጹሑንም ሰው ከሐሜት ያድነዋል።

አንድ ልጅ «እንዲህ ተደረግኩ» ካለህ ረጋ ብለህ ስማው። «ለማንም አልናገርም» ብለህ ግን ቃል አትግባ፣ እንደ መርማሪም አታፋጠው። እባክህ፣ ጉዳዩን ለሽማግሌ አትስጡት። በልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 626 እና 627፣ ወንጀል ነው፤ በይቅርታና በካሳ የሚያልቅ የሰፈር ጠብ አይደለም። ወዲያው ለፖሊስ አመልክቱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን ከሕግ ድጋፍ ጋር በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ልጁን ገላውን ሳታጥቡ፣ ልብሱንም ሳታጥቡ ውሰዱት፤ ሁለቱም ማስረጃ ናቸው።